ቀንዱ በመጨረሻ ይታያል፦ የወንድ ድኩላን ዕድሜና የቀንድ ርዝመት ከሩቅ የመገመት አሠራር

ጎጃም ውስጥ በሬ ገዝቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በሬ ሲገዛ አይቶ ያውቃል። ገዥው የታችኛውን ከንፈር ገልብጦ ጥርሱን ይቆጥራል፤ ሁለት አውጥቷል፣ አራት አውጥቷል፣ ሞልቷል ይላል። ከዚያ ሻኛውን ይጨብጣል፣ ወገቡን በመዳፉ ይጫናል፣ ጥቂት አስነድቶ አረማመዱን ያያል። ቀንዱን የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ድኩላ ግን አፉን አያስከፍትም። ከመቶ ሜትር ርቀት፣ ከቅጠል ጀርባ፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይታያል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ዕድሜው ስንት ነው፣ ቀንዱስ ስንት ይለካል ለሚለው ጥያቄ የሚያስተማምን ግምት ማግኘት ይቻላል፤ የሚፈለገው የገበያውን ቅደም ተከተል አለመርሳት ነው።

ስለ ቀንድና ስለ ዕድሜ ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ጽሑፍ አብዛኛው የሚያወራው ስለ አሜሪካና ስለ አውሮፓ አጋዘን ነው። በትርጉም አጋዘን እንለዋለን እንጂ እኛ አጋዘን ከምንለው ባለ ጥምዝምዝ ቀንድ እንስሳ ጋር አይገናኝም። የፈረንጁ ቀንድ ሙሉ በሙሉ አጥንት ነው። እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ሲያድግ ፀጉር ባለው ስስ ቆዳ ይሸፈናል፣ በየዓመቱ ወልቆ ይወድቅና እንደ አዲስ ይበቅላል። ስለዚህ የዚያ አገር አዳኞች ቅርንጫፉን ይቆጥራሉ፤ ዕድሜ የሚያውቁት ግን እነሱም ከሰውነቱ ነው፤ ምክንያቱም ቅርንጫፉ በምግብና በጤና ይበዛል፣ እርጅና ሲመጣ ደግሞ መልሶ ያንሳል። ከአልጄሪያና ከቱኒዚያ በቀር በአፍሪካ ምድር እንዲህ ያለ እንስሳ በተፈጥሮ አይገኝም።

የድኩላ ቀንድ እንደ በሬ ቀንድ ነው። ውስጡ አጥንት፣ ውጭው ከጥፍር ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ቅርፊት ነው። አይወድቅም፣ ቅርንጫፍም አያወጣም። ዝምድናውም ከዚያው ነው፤ የእንስሳት ሊቃውንት ድኩላን ከበግና ከፍየል ለይተው ከከብት ጋር በአንድ ንዑስ ቤተሰብ ያስቀምጡታል። ስሙንም ቢሆን ዓለም የወሰደው ከእኛው ነው፦ ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል በጣና አካባቢ ያገኘውን ድኩላ እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ «ዴኩላ» ብሎ መዘገበው፤ የዚህ ዓይነቱ ድኩላ ሳይንሳዊ ስም እስከ ዛሬ ይኸው ነው።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበል። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። በአርሲና በባሌ ከፍታዎች የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ዓይነት በሚታደንባቸው የተፈቀዱ የአደን ቀበሌዎች እንኳ መታደን ያለበት ያረጀ ወንድ ነው፤ ልጅ እግሩን ገና ሳይወልድ መጣል የነገውን መንጋ መጣል ስለሆነ፣ ዕድሜ መገመት ለአዳኝ ከተኩስ በፊት የሚቀድም ሙያ ነው። እኔ ጠመንጃ አልያዝኩም። በሰፈሬ ደኖች የቀሩትን ድኩሎች በደብተር እመዘግባለሁ፤ ወንዱን ከወንድ ለመለየት ደግሞ ዕድሜና ቀንድ ማወቅ ግድ ሆነብኝ። አደን ለሚወዱ ዘመዶቼ ይህ ቀልድ ነው። በእርግጥም በቀረርቶና በፉከራ አንበሳ ገዳይ፣ ጎሽ ገዳይ፣ ዝሆን ገዳይ ይባላል እንጂ ለድኩላ ተነሥቶ የፎከረ ሰው አላውቅም።

መቼና የት መቀመጥ

ድኩላ ንጋት ላይና ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ባለው ሰዓት ከጥሻ ወደ ጠርዝ ይወጣል። ቀን ይተኛል፣ ሌሊትም ይበላል። በዓባይና በገባሮቹ ዳርቻ ያለው ጥሻ፣ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ ቀጋና አጋም የበዛበት ገደላገደል ቦታው ነው። ሾላ ወይም ዶቅማ የሚያፈራበት ወቅት ከሆነ ዛፉ ሥር ጠብቁ፤ ጦጣና ዝንጀሮ ከላይ ሲበሉ የሚያራግፉትን ፍሬ ለመልቀም ይመጣል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ሣሩ ስለሚደርቅና ቅጠሉ ስለሚሳሳ ለማየት የተሻለ ነው። በክረምት መገመት አይቻልም አልልም፤ ነገር ግን ግምታችሁን ራሳችሁ አትመኑት።

ነፋሱ ከእሱ ወደ እናንተ መንፈስ አለበት። ጀርባችሁን ለዛፍ ግንድ ወይም ለድንጋይ አስደግፉና ተቀመጡ፤ ቆሞ መነጽር የያዘ ሰው እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ቀንድ ሊለካ አይችልም። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያስፈልጋል፤ ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያቀርበው ያለ ማስደገፊያ ይረብሻል። እንደ ውሻ ያለ አጭር ጩኸት ከሰማችሁ አይቷችኋል ማለት ነው፤ ጅራቱን ሽቅብ አድርጎ ነጩን እያሳየ ሲሄድ ለመለካት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

መጀመሪያ፦ ማን ነው?

ቀንድ የሚያወጣው ወንዱ ብቻ ነው። ሴቷ ጎዳ ናት፤ ቀላ ያለች፣ አንገቷ ቀጭን። ስለዚህ ቀንድ የሌለው ድኩላ ካያችሁ ሴት ወይም ግልገል ነው፤ ወደ ሌላው እለፉ።

ትንሽ ቀንድ ያለው ካያችሁ ደግሞ ሚዳቋ አለመሆኑን አረጋግጡ። ሚዳቋ አነስተኛ ነው፤ ከግንባሩ ወደ አፍንጫው የሚወርድ ጥቁር መስመር አለው፣ ቀንዱ እንደ ወስፌ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ድኩላ ጉሮሮው ላይና ደረቱ መነሻ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ ጎኑና ዳሌው ላይም ነጫጭ ነጠብጣብ ይታያል። ሚዳቋን ጎረምሳ ድኩላ ብሎ መመዝገብ የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው፤ እኔም የመጀመሪያውን ደብተሬን የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ፦ ሰውነቱን ቀንድ እንደሌለው አድርጋችሁ እዩ

ይህ የሥራው ሁሉ እምብርት ነው። መነጽር ያነሣ ሰው ዓይኑ በቀጥታ ቀንድ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያየውን ሁሉ የሚያየው በቀንዱ በኩል ነው። ቀንዱ ረጅም ከመሰለው አንገቱም ወፍራም ይመስለዋል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። እኔን ከዚህ ያወጡኝ አንድ የደብር ደን የሚጠብቁ አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ። መነጽሬን ተቀብለው አዩና ሳቁ። «ልጄ፣ ኮርማ ስትገዛ በቀንዱ ነው እንዴ የምትገዛው? አንገቱን እይ። ቀንዱ የትም አይሄድብህም፤ አብሮት የተሰፋ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ባርኔጣዬን በመነጽሩ ፊት ዝቅ አድርጌ የቀንዱን ከፍታ ከልዬ ነው የምጀምረው። ሞኝነት ይመስላል፤ ይሠራል።

የምታዩት በቅደም ተከተል አንገት፣ ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባ ነው።

ጎረምሳው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለው፣ ጭንቅላቱ ከአንገቱ ይበልጣል። አንገቱ ከትከሻው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በግልጽ ይታያል፤ ሌላ ቦታ ተሠርቶ የተቀጠለ ይመስላል። ሆዱ ወደ ላይ የተሰበሰበ ስለሆነ እግሩ ይረዝማል። ወይፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀንበር ሥር ሲገባ ምን እንደሚመስል አስታውሱ፤ ያ ነው።

ጎልማሳው፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያለው፣ አንገቱ ይሞላል። ደረቱ ወደ ታች ስለሚወርድ እግሩ ያጠረ ይመስላል፤ እግሩ ግን አላጠረም። ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ሆዱ ከደረቱ ጋር በአንድ መስመር ላይ ነው። እርምጃው የሰከነ ነው። በዚህ ዕድሜ ነው ከሌሎች ወንዶች ጋር ተገዳድሮ ሴት የሚይዘው።

ሽማግሌው፣ ከስድስት ዓመት ወዲያ ያለው፣ አንገቱና ትከሻው አንድ ይሆናሉ፤ አንገቱ የት እንዳለቀ ለማየት ትቸገራላችሁ። ሆዱ ይወርዳል፣ ወገቡ ይሰረጉዳል። ጆሮው ብዙ ጊዜ የተቀደደ ነው። ከጥሻ ሲወጣ ቶሎ አይወጣም፤ ጭንቅላቱን አውጥቶ ረጅም ጊዜ ይቆማል። ይህን የጠባይ ምልክት ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከቀለም የበለጠ አምነዋለሁ። ጎረምሳ ቸኩሎ ይወጣል፤ ሽማግሌ ዕድሜውን ያገኘው ባለመቸኮል ነው።

በዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በጣም ያረጀ ድኩላ፣ አሥር ዓመት የተጠጋው፣ ጥርሱ ስላለቀ ይከሳል። አንገቱ መልሶ ይቀጥናል። ከሩቅ ጎረምሳ ይመስላል። የሚለየው ዳሌው ነው፤ የከሳ ሽማግሌ የዳሌው አጥንት ይወጣል፣ ከጅራቱ ግራና ቀኝ ጎድጓዳ ይታያል። ጎረምሳ ቀጭን ቢሆንም ዳሌው ክብ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ጋማው ነው። ሁለት ወንዶች ሲገናኙ ጎናቸውን ሰጥተው፣ ጀርባቸውን ቀስት አድርገው፣ የጀርባቸውን ፀጉር አቁመው፣ እግራቸውን እያደረቁ ይራመዳሉ። በዚያች ደቂቃ የሦስት ዓመቱ ስድስት ዓመት ይሞላዋል። ጋማው እስኪተኛ ጠብቁ።

ከዚያ፦ ቀለሙ

ወንድ ድኩላ ሲያረጅ ይጠቁራል። ጎረምሳው እንደ እናቱ ቀላ ያለ ነው፤ ጥቁረቱ ከዓመት ዓመት ይደምቃል። ከዚህ በላይ የሚያስተማምነው ግን የአንገቱ ሥር ነው። በብዙ ሽማግሌ ድኩሎች ላይ እዚያ ቦታ ፀጉሩ አጭርና ሳሳ ያለ ሆኖ እንደ ቀለበት ይታያል፤ ቀንበር የላጠው በሬ ይመስላል። ድኩላ ቀንበር አያውቅም፤ ምልክቱ ግን በጣም ስለሚመሳሰል ለአርሶ አደር አንድ ጊዜ ካሳያችሁት አይረሳውም።

ቀለምን ብቻውን አትመኑ። ባለፈው ዓመት በሚያዝያ አንድ ምሽት ከዝናብ በኋላ ያየሁትን ጥቁር ወንድ ሽማግሌ ብዬ መዘገብሁ። በሳምንቱ በዚያው ቦታ ቀላ ያለ ጎልማሳ አየሁና ሁለተኛ እንስሳ ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስመለስ የቀኝ ጆሮው ቅድ ያው ነበር። እርጥብ ፀጉር ይጠቁራል፤ የደመና ጥላም እንዲሁ። ድኩላው አንድ ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።

አሁን ቀንዱ

ቀንዱ ዕድሜ የሚናገረው እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። አንድ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ይወጣል። በመጀመሪያ እንደ እንጨት ችካል ቀጥ ያለ ነው፤ ጆሮውን እስኪያክል ድረስ ጥምዝምዙ አይታይም። ከዚያ ወደ ውጭ ይወጣና ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ አንድ ዙር ሲሞላ ጎልማሳ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ርዝመቱ እምብዛም አይጨምርም። እንዲያውም ያረጀው ድኩላ አፈርና ቁጥቋጦ በቀንዱ ስለሚወጋና ስለሚፈትግ ጫፉ ይበላል፤ ስለዚህ የአራት ዓመቱ ቀንድ ከዘጠኝ ዓመቱ ሊረዝም ይችላል። ጫፉ ደነዝ፣ ነጣ ያለና የተወለወለ ከሆነ፣ ግርጌው ወፍራምና ሸካራ ከሆነ የሽማግሌ ቀንድ ነው። ጫፉ እንደ መርፌ ከሾለ ገና ነው፤ ርዝመቱ አያታልላችሁ። በላም ቀንድ ላይ ቀለበት ቆጥሮ ወሊድ መገመት የለመደ ሰው በድኩላም ቀለበት ለመቁጠር ይሞክራል፤ አይሠራም።

ርዝመቱን ለመገመት መለኪያው አብሮት አለ፦ ጆሮው። የጎልማሳ ድኩላ ጆሮ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ድኩላው ወደ እናንተ ሲያይና ጆሮውን ሲያቆም ቀንዱ ከጆሮው ጫፍ በላይ ምን ያህል እንደሚተርፍ እዩ። ቀንዱ አንድ ጆሮ ካከለ ጎረምሳ ነው፣ ነገሩ አልቋል። አንድ ተኩል ካከለ 22 ገደማ ነው። ሁለት ጆሮ ካከለ 30 ነው፤ ይህ ያደገ ወንድ ነው። ሁለት ተኩል ከሆነ 37 ይደርሳል፤ እንዲህ ያለውን ስታዩ መነጽሩን አውርዳችሁ፣ ተንፍሳችሁ፣ እንደገና እዩ፤ ቀንድ በልብ ትርታ ልክ ይረዝማልና። በመላው አፍሪካ ያሉት ድኩሎች ሲታዩ የአዋቂ ወንድ ቀንድ ከ25 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ነው።

ይህ ስሌት ሁለት እርማት ይፈልጋል። ቀንዱ ወደ ኋላ ያጋደለ ስለሆነ ከፊት ለፊት ሲታይ ያጥራል፤ አፍንጫውን ዝቅ ሲያደርግ ቀጥ ይላል፣ ቀና ሲያደርግ ይተኛል። ስለዚህ ርዝመቱን ከጎን፣ ቅርጹንና የሁለቱን እኩልነት ከፊት እዩ። ከጎን ስታዩ ግን የቀረበው ቀንድ የራቀውን ስለሚሸፍን አንዱ የተሰበረ ድኩላ ሙሉ ሊመስል ይችላል፤ እስኪዞር ጠብቁ። ሁለተኛው እርማት ጥምዝምዙ ነው። በጆሮ የምትገምቱት ቀጥታውን ነው፤ በክር ጥምዝምዙን ተከትላችሁ ብትለኩት ከዚያ ይበልጣል። እኔ ለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር እጨምራለሁ።

በስተጀርባው ያለውንም አትርሱ። በአዊ አካባቢ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ተክል ወይም ባሕር ዛፍ ከጀርባው ካለ ቀጫጭኑ ግንድ ሁሉ ቀንድ ይሆናል። አንድ ጊዜ ሦስት ቀንድ ያለው ድኩላ ለግማሽ ሰዓት ተከታትያለሁ።

ልምምዱን በጫካ አትጀምሩት። ሜዳ ላይ የተሰማሩ በሬዎችን ከመቶ እርምጃ ተመልከቱ፤ የቀንዳቸውን ርዝመት በጆሮአቸው ገምቱ፣ ጻፉ፣ ከዚያ ሄዳችሁ በክር ለኩ። ባለቤቱን ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። በሬውን አፍጥጦ አይቶ፣ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ከዚያ ክር ይዞ ወደ ቀንዱ የሚመጣ ሰው በማንኛውም መንደር መተተኛ ነው። በሃያ በሬ ላይ ከተለማመዳችሁ በኋላ ዓይናችሁ በየትኛው በኩል እንደሚሳሳት ታውቃላችሁ፤ የኔ ሁልጊዜ ያስረዝማል፣ ስለዚህ ከግምቴ ላይ እቀንሳለሁ።

ደብተሩ

ለእያንዳንዱ እይታ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ብርሃኑን፣ ፀጉሩ እርጥብ ወይም ደረቅ መሆኑን፣ ርቀቱን ጻፉ። ከዚያ በሰውነቱ የገመታችሁትን ዕድሜ ጻፉና መስመር አስምሩ። ቀንዱን ከመስመሩ በታች ለብቻው ጻፉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሰውነቱን እመኑ። ቁጥሩን በዓመት አታጥብቡት፤ «አምስት ዓመት» ከሚል «ጎልማሳ፣ ወደ ሽማግሌነት የቀረበ» የሚለው የበለጠ እውነት ነው። የጆሮ ቅድና የነጠብጣብ አቀማመጥ በትንሹ ሣሉ፤ ነጠብጣቡ ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል፣ ሁለት ጊዜ ከመቁጠርም ያድናል።

የራስ ቅል ስታገኙ

ግምታችሁን የሚፈትነው የሞተ ድኩላ ነው፤ ጅብ ወይም ውሻ የተወው የራስ ቅል አልፎ አልፎ ጥሻ ውስጥ ይገኛል። ጥርሱ እንደ በሬ ነው፤ ከፊት ከታች ብቻ ስምንት፣ ላይኛው ድድ ባዶ። የፊት ጥርሶች ከሞት በኋላ ቶሎ ስለሚረግፉ ብዙ ጊዜ አታገኟቸውም፤ ወደ መንጋጋ ጥርሶቹ ሂዱ። የመጨረሻው መንጋጋ ገና ከአጥንቱ ያልወጣ ከሆነ ልጅ እግር ነበር። ሁሉም ወጥቶ ጉብታው ስለታም ከሆነ ጎልማሳ፣ እንደ ወፍጮ መጅ ለስልሶ ጠፍጣፋ ከሆነ ሽማግሌ ነው።

ቀንዱን በማይለጠጥ ክር ከግርጌው ጀምራችሁ ጥምዝምዙን ተከትላችሁ እስከ ጫፉ ለኩ፤ ክሩን በማስመሪያ ላይ ዘርጉ። የግርጌውን ዙሪያም ለኩ። ቅርፊቱ ከአጥንቱ ወልቆ ከሆነ ሁለቱን አትደምሩ፤ የሚለካው ቅርፊቱ ነው። ትኩስ ቀንድ ሲደርቅ ጥቂት ይኮማተራል። እ.ኤ.አ. በ1887 የተቋቋመው ቡንና ክሮኬት የተባለው የአሜሪካ አዳኞች ክለብ ለፈረንጁ አጋዘን ቀንድ ኦፊሴላዊ ልኬት የሚቀበለው 60 ቀን ከደረቀ በኋላ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ለእኛ ደብተር ያን ያህል መጠበቅ አያስፈልግም፤ «ትኩስ» ወይም «ደረቅ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ለክታችሁ እዚያው ተዉት፤ የዱር እንስሳ ቀንድ ያለ ፈቃድ መያዝና መሸጥም በሕግ ያስጠይቃል።

ሥጋ ያለበት በድን ግን አትንኩ። በተለይ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ጥቁር ደም የወጣና ሰውነቱ ገትሮ ያልደረቀ በድን ካያችሁ አባሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ወደ ሰውም ወደ ከብትም ይተላለፋል። ቦታውን ከነምልክቱ ጽፋችሁ፣ ከብት እንዳይቀርበው ለእረኞቹ ተናግራችሁ፣ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ፤ የዚያን ድኩላ ቀንድ ከሩቅ በጆሮው ገምታችሁ መዝግቡት።